ሳቬጅ ያልኩት በሬ

ሰኞ

ዛሬ በሬው አክስቴን ከጋጣው ግድግዳ ጋር አጣበቃት። ቀኝ እጇ አብጧል። ወጌሻው ጠምጥሞ አሰረላትና ምንም እንዳታነሳ አስጠነቀቃት። አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ክረምቱን ሙሉ ቀይ ጨርቅ እያውለበለብኩ፣ በአገዳ አፍንጫውን እየነካካሁ ሳስቆጣው፣ ጓደኛዬ ታምሩ በስልኩ ይቀርጽ ነበር። ስሙን ያወጣሁለትም እኔ ነኝ፦ ሳቬጅ። ቪዲዮው ላይ በትልቁ ተጽፏል። በዴሳ ከተማ ያሉ ሰዎች ሳይቀሩ ስቀውበታል። አክስቴ ግን አንድም ቀን በስሙ ጠርታው አታውቅም። «የሚታረድ ነገር ስም አይወጣለትም» ትላለች።

በሬው የእኛ አይደለም፣ የቅርጫ ነው። ለወላይታ አዲስ ዓመታችን ለጊፋታ ሊያርዱት ጎረቤቶች አዋጥተው ገዙት፤ እንድታደልበው ለአክስቴ ሰጧት። በእጇ እያጎረሰች በማደለብ እንደሷ የለም ይባላል። ቅዳሜ መጥተው ይወስዱታል። እንዲህ ሆኖ ከጠበቃቸው ወይ ሰው ይወጋል፣ ወይ ሲያባርሩት ስቡ ይቀልጣል። ከዚያ ወዲያ ለአክስቴ በሬ የሚሰጥ አይኖርም።

ማክሰኞ

የማጎረሱ ሥራ ወደኔ ዞረ። የስኳር ድንች ሐረግ ማጨድ፣ የእንሰት ቅጠል መሸንሸን፣ እበት መዛቅ፣ ውሃ መቅዳት፣ በሬው እንዳይገድለኝ መጸለይ።

ሐረጉን ከበር ወርውሬለት ሸሸሁ። አክስቴ ከደጅ ሆና አየችኝ።

«ተወርውሮለት የበላ በሬ አይለምድም። በእጅህ ነው።»

«እጄን ቢበላውስ?»

«እስከ ዛሬስ ምን ሠራህበት?»

ማታ ጎረቤታችን ጋሽ ማርቆስ እሷን ሊጠይቁ መጡ። እንግሊዝኛ አስተማሪ ነበሩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ከማቋረጤ በፊት እኔን ለመግራት ሞክረው ያልተሳካላቸው ሰው ናቸው።

«የበሬህን ስም ትርጉም ታውቃለህ?» አሉኝ።

«አንደኛ ነህ ማለት ነው፣ ጋሼ። ታምሩ ጥሩ ተረብ ሲጥል ሳቬጅ ነህ እንለዋለን።»

«እሱ የእናንተ የልጆቹ ነው። ለአውሬ ሲሆን ያልተገራ፣ ተናካሽ ማለት ነው። ለሰው ሲሆን ጨካኝ።»

«የኛው በሬ የትኛው ነው?»

«በሬው የመጀመሪያው ነው» አሉና ሻያቸውን ጠጡ። ሁለተኛውን ለማን እንደተዉት አልተናገሩም።

ረቡዕ

ደክሞኛል። እጄ እስኪዝል ሐረግ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ቀንዱን ነቀነቀብኝ እንጂ አልመጣም።

ታምሩ ስልኩን ይዞ መጣ። «አንዴ ብቻ አስቆጣው፣ ሰው እየጠየቀ ነው» አለኝ። ቀዩን ጨርቅ ወስጄ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት።

«አርጅተሃል» አለኝ።

ልክ ነው። የቀረኝ የጥርሴ መርገፍ ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ እጄ ላይ ጨው ነሰነስኩ። መጣና ላሰኝ። ምላሱ ሞረድ ነው። ማንም አልቀረጸውም።

ሐሙስ

አጎረስኩት። ዛቅኩ። አጎረስኩት። ሌላ ወሬ የለም።

ዓርብ

አክስቴ ከጆሮው ሥር እንዴት እንደሚታከክ አሳየችኝ። ዓይኑን ጨፈነ። ቀስ ብሎ ጭንቅላቱን ትከሻዬ ላይ ጣለው፤ ወገቤ ሊቀነጠስ ነበር። ሳቬጅ ብዬ ስጠራው ጆሮውን ወደኔ ያዞራል። ስሙን አውቆታል።

ለአክስቴ በኩራት ነገርኳት። ፊቷ ጠቆረ። «ነግሬህ ነበር እኮ» አለችኝ።

ቅዳሜ

የቅርጫው ሰዎች ዱላና ወፍራም ገመድ ይዘው በጠዋት መጡ። ቪዲዮውን አይተውታል። ሽማግሌያቸው ከበሩ ርቀው ቆሙ።

«የፈረንጅ ስም ያወጣህለት አንተ ነህ አሉ። በል አንተው አውጣው።»

ጠራሁት። ተከተለኝ። ዱላ የሚያነሳ አልተገኘም። በቀጭን ገመድ እንደ በግ ሳብኩት፣ በሬ እስከሚታረድበት ባሕር ዛፎቹ ሥር ድረስ። መንገዱን ሁሉ ኪሴን ያሸት ነበር፤ ጨው እንዳለ ያውቃላ።

ሽማግሌው ስቡን ዳስሰው አክስቴን «እጅሽ ይባረክ፣ ለከርሞም አንቺው ነሽ» አሏት። አንገቷን ደፍታ አሜን አለች። ሳምንቱን ሙሉ የለፋሁት ለዚህች ቃል ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

እግሩን ሲያስሩት አልተወራጨም። እኔን እያየ ቆመ። ስለቆምኩ ነው የቆመው።

እሁድ፣ ጊፋታ

ቤቱ በሰው፣ ገበታው በቅርጫው ሥጋ ሞልቷል። ታምሩ ቪዲዮው ሥር ሰዎች «ሳቬጅ እንዴት ሆነ?» ብለው እንደጠየቁ ነገረኝ።

ጋሽ ማርቆስ አጠገቤ ተቀመጡ። «ጋሼ፣ ያ ለሰው ሲሆን ጨካኝ ያሉኝ ትርጉም» አልኳቸው፣ «ሳስቆጣው ነው ወይስ ሳለምደው?»

የጎረሱትን ሥጋ ዋጡ። «ይኼን መዝገበ ቃላቱ አይመልስልህም» አሉኝ።

አክስቴ ሳህኔን ስትፈትሽ እንዳልተነካ አየች። ሥጋውን በግራ እጇ ጠቅልላ ወደ አፌ አመጣችው። እጇ ሳይታጠፍ እዚያው ጠበቀኝ።

አፌን ከፈትኩ።

ጣፋጭ ነበር።