ዘጠኝ ሺህ ኪሎ ሜትር እና ያልተጠረገ ቤት

ማክሰኞ

ቤቱ አልተጠረገም። ወርቅነሽ መጥረጊያውን ከበሩ ጀርባ ደበቀችው።

«መንገደኛ የሄደበት ሳይደርስ ቤት አይጠረግም። እንዳትነካ።»

«እኔ መቼ ጠርጌ አውቃለሁ?» አልኳት። ሚስቴ ዛሬ አልሳቀችም።

ልጃችን ማርታ ንጋት ላይ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ሄደች። ነገ ማታ ለትምህርት ወደ ሴኡል ትበራለች። ከሐዋሳ አልፋ ብቻዋን ሄዳ አታውቅም። የእጅ ሰዓቴን አስሬላታለሁ።

ከዲላ አዲስ አበባ፦ ሦስት መቶ ስድሳ ኪሎ ሜትር ገደማ። ቀኑን ሙሉ።
ከአዲስ አበባ ሴኡል፦ ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ ገደማ። ስንት ሰዓት?

ረቡዕ

ሱቄ ቁጭ ብዬ የቲኬቱን ፎቶ አየሁ። 22:35 ይነሳል፣ 15:55 ይደርሳል። ቆጠርኩ። አሥራ ሰባት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። ወርቅነሽ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ሰው ይህን ያህል አየር ላይ ምን ይሠራል?»

ባጃጅ ነጂው ደምሴ ከደጅ ሆኖ ሰምቶናል። «ጋሼ፣ እኔ በዚህ ሰዓት ሞያሌ ደርሼ እመለሳለሁ።»

«በባጃጅ?»

«ቁልቁለት ከሆነ።»

ወደ ማታ ተከራያችን ሀያት ከዩኒቨርሲቲ ስትመለስ ቲኬቱን አሳየኋት። «ጋሼ፣ መነሻው በእኛ ሰዓት ነው፣ መድረሻው በእነሱ። በስድስት ሰዓት ይቀድሙናል፤ ይቀንሱት።» አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ቀረ። ልጄን በአንድ ቅናሽ ስድስት ሰዓት ያቀረቡልኝ መሰለኝ። ስለዚህ የምታርፈው በእኛ ጠዋት ለአራት ሰዓት አምስት ጉዳይ ነው።

ሐሙስ

ህልም አየሁ። አውቶቡሱ የአዲስ አበባን መንገድ ትቶ በኮንጋ ቀበሌ በኩል ዳገቱን ወጣ፣ ጉሙን አለፈ፣ አልወረደም። ማርታ በመስኮት ቁልቁል እያየች እንሰት ትቆጥራለች።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሀያት ስልኳን አሳየችን። አውሮፕላኑ ቢጫ ነጥብ ነው፣ ቻይና ላይ። ወርቅነሽ በጣቷ ልትነካው ፈልጋ ተወችው።

አራት ሰዓት፦ «አርፏል» አለች ሀያት።

«አውሮፕላኑ ነው ያረፈው» አለች ወርቅነሽ። «እሷስ?»

አምስት ሰዓት፦ ዝም። ስድስት፦ ዝም። ሱቅ ሄጄ ስኳር ለጠየቀኝ ጨው መዘንኩ። ወርቅነሽ «ደወለች?» እያለች ሦስት ጊዜ ከቤት ደወለችልኝ። ቤት ወለሉ ላይ የማክሰኞ ፍርፋሪ እንዳለ ነው።

ሰባት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። «አባዬ፣ ገባሁ፤ መኝታ ክፍሌ ነኝ። አየር ማረፊያው ላይ ኢንተርኔት እምቢ ብሎኝ ነው። እዚህ መሽቷል፣ ሰባት ሰዓት ነው። ሰዓትህን ላስተካክል ብዬ ሳየው እሱም ሰባት ይላል። አልነካሁትም።»

ቀና ብዬ የሱቁን የግድግዳ ሰዓት አየሁ። ሰባት። ውጭ የቀትር ፀሐይ ነው። የስድስት ሰዓቱ ልዩነት እኛ ከጠዋት፣ እነሱ ከእኩለ ሌሊት ጀምረን ስንቆጥር ተበልቷል።

ደውዬ ነግሬያት ቤት ስደርስ ወርቅነሽ እየጠረገች ነበር። አቧራው እስከ ሀያት በር ደርሷል።

ዓርብ

ሱቅ ከፈትኩ። ደምሴ ባጃጁን አቁሞ «ጋሼ፣ ስንት ሰዓት ነው?» አለ።

«ሁለት።»

«እዚህ ወይስ እዚያ?» ሊያሾፍ ነው።

«ሁለቱም ጋ።»

ትንሽ አየኝና ሞተሩን አስነሳ። እኔ ቀኔን ልጀምር ነው። እሷ ምሳ በልታ ይሆናል፤ ምን እንደበላች ግን አልጻፈችም።