«ሰምቻለሁ» አላለችም

እህትዓለም፣

እንደምን ከረምሽ? ያ የጉልበትሽ ነገር ተሻለሽ? ስድስት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ስለ ጉልበት መጠየቄ ያስቅሻል። ሳቂ፤ ይገባኛል። እኔ እንቅልፍ ከማጣቴ በቀር ደህና ነኝ።

አሁን የማስተምረው የሃይማኖት ትምህርት ነው። ርዕሰ መምህሯ «እንደ ጂኦግራፊ አስተምር፤ እነማን ምን ያምናሉ፣ በቃ» ይላሉ። ወላጆች ደግሞ እያንዳንዳቸው «የእኛን ብቻ አስተምርልን» ባይ ናቸው። መቼም ግትርነቴን ታውቂዋለሽ፤ የራሴን ሕግ አወጣሁ። ክፍሌ ውስጥ የሚናገር ሁሉ «አውቃለሁ»፣ «አምናለሁ» ወይም «ሰምቻለሁ» ብሎ ይጀምራል። ሦስቱን የለየን ልጅ ማንም አያታልለውም እላለሁ። ይህን የምለው ደግሞ እኔ ነኝ!

ባለፈው ማክሰኞ ስለ ሞት ነበር የተማርነው። ልጆቹ «አምናለሁ»፣ «ሰምቻለሁ» እያሉ ሲከራከሩ፣ መስኮቱ ጥግ የምትቀመጠው ዝምተኛ ልጅ ተነሳች። ቤተሰቦቿ ወደ ሰፈራችን ከመጡ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። እርሳሷን እየቀረጸች፣ «አውቃለሁ» አለች፤ «የመምህር እናት ‹ቡቡዬን ጥሩልኝ› እያሉ ነው የሞቱት። መምህር ከበሩ ኋላ ቆመው ይሰሙ ነበር።»

ከእማዬ በቀር ቡቡዬ ብሎ የጠራሽ ሰው የለም። ያን ቀን ደግሞ ቤት የነበርነው እኔና እሷ ብቻ ነን። ማን እንደነገራት ብጠይቃት፣ «‹ሰምቻለሁ› አላልኩም እኮ» ብላኝ ቁጭ አለች።

እህትዓለም፣ «እማዬ ‹ዓይኗን ማየት አልፈልግም› ብላለች፤ አትምጪ» ብዬ የጻፍኩልሽ ውሸት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ አጠብኳት፣ አጎረስኳት፤ እሷ ግን ጠዋት ማታ የምትጠራው አንቺን ነበር። ቅናት አንገበገበኝ። ለጥቂት ቀን ብቻ ላስቀርሽ ብዬ ነበር፤ ሞት አልጠበቀኝም። ከዚያ በኋላ እውነቱን መናገር ፈራሁ። ቀብሯንም አሳጣሁሽ። ምን ዓይነት አውሬ ነኝ!

ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ዛሬ በእረፍት ሰዓት፣ መምህራን ክፍል ብቻዬን ተቀምጬ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከትቼ ስወጣ ልጅቷን ኮሪደሩ ላይ አገኘኋት።

«ይጨርሱት እንጂ» አለችኝ። «እናትዎ አሁንም እየጠሩ ነው።»

ነይ። ልትሰድቢኝም ቢሆን ነይ። መንገዱን ያቅናልሽ፤ ልጆችሽን ይባርክልሽ። እኔማ መቃብሯ ላይ ስንቴ ቆሜ «አለሁልሽ» አልኳት፤ የምትፈልገው እኔን አይደለም።

ታናሽ ወንድምሽ