ያለ ማይክ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሩዋንዳ ሰፈር ድምፅ የሚያስተምሩኝ ጋሽ መኮንን ዛሬ ከቤት ይዤ የሄድኩትን ማይክ ከእጄ ወሰዱት። "ኦፔራ ያለ ማይክ ነው የሚዘፈነው" አሉኝ። ዕድሜ ልኬን ቤተ ክርስቲያን ኳየር ውስጥ ማይክ ይዤ ስለዘመርኩ ባዶ እጄ ተመልሶ አፌ ስር ሄደ። "ልጄ፣ አሁንም ማይክ ይዘሻል!" ብለው ሳቁብኝ። አናደዱኝ።

ከዚያ የኦፔራን አጀማመር ነገሩኝ። ድሮ ጣሊያን አገር፣ ፍሎሬንስ ከተማ፣ ጥቂት ሰዎች የጥንት ግሪኮች በቴአትር ላይ ያዜሙት የነበረው ዜማ ናፈቃቸው። ሰምተውት አያውቁም፤ የሰማ ሰውም በሕይወት የለም። ስለዚህ በግምት ሞከሩት።

"ታዲያ አገኙት?" አልኳቸው።

"የት ያገኙታል? ኦፔራን አገኙ እንጂ።"

እማዬ ትዝ አለችኝ። እሷ ያለ ማይክ ስትዘምር ግቢ በር ላይ የቆመ ሰው ይሰማት ነበር ይላሉ። እኔ ሕፃን ሳለሁ ሞተች፤ ድምፅዋን የቀዳ የለም። ኳየር የገባሁትም፣ ጋሽ መኮንን ጋ የምሄደውም ያንን ድምፅ ፍለጋ ነው። ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ቡልቡላ ቤታችን ስደርስ አባዬ ለነገ ቤተ ክርስቲያን ሸሚዙን እየተኮሰ ነበር። ሳሎን መሃል ቆሜ፣ እጄን ወደ ታች ለቅቄ ዘመርኩለት። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍም አላቋረጥኩም። ካውያውን አቆመ።

"እማዬን እመስላለሁ?" አልኩት።

"አትመስያትም" አለኝ።

ከዚያ ካውያውን ነቀለና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"እስቲ ድገሚው።"