በረድፍ ወይስ ተበትነው

መጋቢት 12፣ ረቡዕ፣ 10 ሰዓት
ከት/ቤት መጥቼ የዳማ ገበታውን ዘርግቻለሁ። ቆርኪ አንዱ ቀና፣ አንዱ ድፍት፣ አንዱ ቀና። ወንድም ጋሼ ለውትድርና ሳይወስዱት በፊት ያሳየኝ ነው። ቆርኪዎቹ ኤሌክትሮን ናቸው፤ እያንዳንዱ ከጎረቤቱ ተቃራኒ ሆኖ መቆም ይወዳል። እሱ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ያጠናው በነበረው የመዳብ ቁስ ውስጥ ያሉ። ቁሱ በጣም ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ ምንም ሳይባክን ያልፍበታል፤ ለምን እንደሆነ ገና ማንም አላወቀም። ጥቂት አንሣና ባዶ ቦታዎቹ የት እንደሚቆሙ ንገረኝ አለኝ። ባዶዎቹ ይገፋፋሉ፣ ስለዚህ ይበተናሉ አልኩ። እሱ በረድፍ ይሰለፋሉ አለ። ለፋሲካ ፈቃድ ሲመጣ ይለይልናል።

ቆርኪ አንሶኝ እትዬ አስካለ ቡና ቤት ሄድኩ። ሌላ ጊዜ “አንተ ቆርቆሮ ለቃሚ!” ብላ ታባርረኛለች። ዛሬ በሳህን ሞልታ ሰጠችኝ። ቀና ብላም አላየችኝ። ምን ነካት?

መጋቢት 13፣ ሐሙስ
ሞቷል።
ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። አባባ ሳይነግሩት ገባው። ሰሜን፣ ጦር ሜዳ። ሬሳ የለም። እትዬ አስካለ ትናንት ታውቅ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር! መርዶ በጠዋት ነው የሚነገረው ብለው፣ እኔ ቆርኪ ስለቅም ዝም ብለው አዩኝ። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችል

መጋቢት 15፣ ቅዳሜ
ሰልስት። ከድንኳኑ ጀርባ ገበታውን ዘረጋሁ። ሌላ ምን ላድርግ? ከአንኮበር የመጣችው አክስቴ አየችኝ። “በወንድምህ ለቅሶ ዳማ? አንተ ጉደኛ!” በእግሯ በተነችው። ለቀስተኛው ሁሉ ዞረ። ቆርኪዎቹን ከእግራቸው ሥር ለቀምኩ። አባባም አየ። ፊቱን መለሰ። ቢመታኝ ይሻል ነበር።

መጋቢት 20፣ ሐሙስ፣ 9 ሰዓት
ማስታወሻዬ፣ ተሸነፍኩ። ባዶዎቹን ስበትናቸው፣ ወደ ባዶው የተንሸራተተ ቆርኪ ራሱን ከመሰለ ጎረቤት ጋር ይገጥማል። ቀና ከቀና፣ ድፍት ከድፍት። ይህ ጉልበት ያስከፍላል። አሁን በረድፍ አደረግኳቸውና ከረድፉ ወዲያ ያሉትን ቆርኪዎች በሙሉ ገለበጥኩ። አንዱን ወደ ባዶው ገፋሁት። የሚመስለው ጎረቤት የለም! ሌላም ገፋሁ። የለም! ወንድም ጋሼ! ብዬ ጮህኩ።
በለቅሶ ቤት። እማዬ ሰምታ እሪ አለች። ምን ነካኝ?

መጋቢት 22፣ ቅዳሜ
አባባ ጠራኝ። ሊቆጣኝ መስሎኝ ነበር። በሰልስቱ ዕለት ከድንኳኑ ጀርባ ምን እየሠራህ ነበር አለ። ሁሉንም ነገርኩት። መሪጌታ ነው፤ ፊዚክስ አያውቅም፣ ክርክር ግን ያውቃል።
“አንተ ወደ ወንድምህ ከዞርክ ያንተን ወገን ማን ያዘ?”
ማንም አልያዘም፣ አልኩ።
“እንግዲያስ ይበተናሉ ባዩ እኔ ነኝ። እየተገፋፉ እንዴት ጎን ለጎን ይቆማሉ? በል መልስ!”
ለካ ወንድም ጋሼ ያኔ ይህን አልመለሰልኝም። አባባ ፊቱን በነጠላው ጠረገና እስከ ሰኞ ጊዜ ሰጠኝ።
እመልስለታለሁ። የወንድም ጋሼን ወገን ይዣለሁ፤ አልለቅም።