ለኒርማል ቤተሰቦች ንገሪልኝ

ለታላቅ እህቴ ለባልቢር፣ ሉዲያና፤

ሰላምታዬ ከኢምፋል ጭቃ ተነሥቶ በደህና ደጃችሁ ይድረስ። የእናታችን ጉልበት ተሻላት ወይ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

እዚህ ደመናው ተራራውን ስለሚሸፍነው ከምንዋጋቸው ጃፓኖች ይልቅ የምንረግመው እሱን ነው። ባለፈው ዓመት ቤታችን መጥቶ ያሳቃችሁ ቤንጋሊው ጓደኛዬ ሱኩማር፣ ሰኞ ዕለት በየአውሮፕላናችን አብሮኝ በርሮ ደመና ውስጥ ገባ፤ አልወጣም። አሁን አልጋውን ፌሮዝ የሚባል አዲስ አብራሪ ይዞታል።

"ወንድም ጋሼ፣ የማን አልጋ ነበር?" አለኝ።

"የአንድ አንኮራፊ" አልኩት። ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅሁ።

እጄ ቋጠሮ አልይዝ ስላለኝ ጥምጥሜን ሰሞኑን የሚያስርልኝ መካኒካችን ነው። "ጌታዬ፣ እጅዎ ምን ሆነ?" ይለኛል።

"ብርድ ነው።"

"በዚህ ወበቅ? ኧረ ለሐኪሙ ይንገሩ!"

ብናገር ከሥራ ያግዱኛል፤ ያን ጊዜ ፌሮዝ መንገዱን ሳያውቅ ብቻውን ሊወጣ ነው። ስለዚህ ዛሬም እየመራሁት እወጣለሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ለእጮኛዬ ለኒርማል ቤተሰቦች ሠርጉን ለመከር አትጠብቁ በያቸው። ደህና ሰው ከጠየቃት ይዳሯት፤ ከልቤ ነው፣ አልቀየምም። እሷም እንዳታለቅስ፣ ያጨኋት ገና ሳንተዋወቅ ነውና ቶሎ ትረሳኛለች። እናታችን ለምን ብላ ከጠየቀችሽ ሥራ በዝቶበት ነው በያት።

ልጆችሽን በየተራ ሳሚልኝ። ፌሮዝ ሞተሩን አስነሥቶ እየጠራኝ ስለሆነ እዚህ ላይ ላብቃ። በጸሎትሽ አትርሺኝ።

ታናሽ ወንድምሽ ጃስዋንት