ባዶ የተተወችው መስመር

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ፣ ሥራሽስ? እኔ ደህና ነኝ። ልጅሽ ሚጢጢም ደህና ናት፤ ረስተሽው የሄድሽውን ነጠላ ጫማሽን ግን ካላቀፈች አትተኛም። ጽሑፌ ከመስመር ወጥቶ ብታገኚው ይቅር በይኝ። ተማሪዎቼን በዚህ ስቆጣ እንደኖርኩ ታውቂያለሽ።

የፋብሪካችሁ የሕፃናት ማቆያ ሲከፈት የተደሰትሽው ደስታ ትዝ ይለኛል። ወጪውን ሲሶውን ፋብሪካው፣ ሲሶውን መንግሥት፣ የቀረውን አንቺ ልትችሉት። ቅጹን በምስክርነት እንድፈርምበት ላክሽልኝ። «ልጁን ሊይዝ የሚችል የቅርብ ዘመድ አለ?» የምትለዋን መስመር ባዶ ትተሻታል። እኔ ደግሞ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ባዶ መልስ ተቀብዬ አላውቅም። «አለ፤ አያቷ፣ ጡረተኛ መምህር» ብዬ አሳምሬ ሞላኋት።

እውነት መጻፍ ምን ክፋት አለው አልኩ ለራሴ። ግን ከቅጹ ጀርባ ያለውን ደንብ አስቀድሜ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ልጁን የሚይዝለት ዘመድ ያለው ሰው ቦታ አያገኝም ይላል። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ይህ ቤት እንዴት ዝም እንዳለ አንቺም አይተሻል።

ቦታው ሲከለከልሽ ልጅቱን እኔ ጋ አምጥተሽ ተመለስሽ። አውቶቡሱ ሲነሳ ወደ እኛ አልዞርሽም። ጥፋቱንም ኮሚቴው ውስጥ ባለችው ባልደረባሽ ላይ ጣልሽ፤ ሰላምታ እንኳ ነፈግሻት። ባለፈው ሳምንት ደወልኩላት። የእጅ ጽሑፌን ያኔውኑ አይታው ኖሯል። ለምን እንዳልነገረችሽ ብጠይቃት፣ «መምህር፣ አባቷን ከምትቀየም እኔን ታኩርፈኝ ብዬ ነዋ፤ እኔ እንደሆንኩ ኩርፊያ ለምጃለሁ» ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ሰኞ ዕለት ለሚጢጢ መጽሐፏን ገልጬ ስተርክላት፣ «አባባ፣ እዚህ ጋ ዝሆን የለም እኮ፤ ዝሆኑ አልፏል» አለችኝ። በቃሌ ነበር የምለው።

ባልደረባሽ አዲስ ቅጽ ልካልኝ ነበር። ጎረቤታችን ጣቴን ይዛ መስመሯ ላይ አስቀመጠችልኝና «የለም» ብዬ ጻፍኩ። አሁንም የጻፍኩት እውነቱን ነው።

ባልደረባሽን ቶሎ ይቅርታ ጠይቂያት፤ ለእኔ አትቸኩይ። እጅሽ የነካው ይባረክልሽ፤ ልጅሽም አጠገብሽ ትደግ። ልትወስጃት ስትመጪ ከደጅ ሆነሽ ድምፅሽን አሰሚኝ።

መስመሯን የሞላው አባትሽ