ለስኮትላንዷ እናት ሙሾ የተቀበሉት አቶ መዝገቡ ይርዳው

አቶ መዝገቡ ይርዳው ከአባታቸው ከአቶ ይርዳው ካሣና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማሚቱ በላቸው በ1941 ዓ.ም. በደሴ ከተማ ሆጤ ሰፈር ተወለዱ። እናታቸው በአካባቢው የታወቁ ሙሾ አውራጅ ስለነበሩ ለቅሶ ቤት የሚሄዱት እሳቸውን አዝለው ነበር። በሰፈራቸው ቤተ ክርስቲያን ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ዘመናዊውን ትምህርት ደሴና አዲስ አበባ ተምረው የሬዲዮ ቴክኒሻን ሆኑ።

በ1978 ዓ.ም. በስደት ሎንዶን ገቡ። ከወይዘሮ ሮማንወርቅ ጋር በቁርባን ተጋብተው ሶልያናንና ጊዲዮንን ወለዱ። ሆሎዌይ በሚባለው ሰፈር የመንግሥት ኪራይ (ካውንስል) ቤት አግኝተው፣ እዚያው መንገድ ላይ ባለች ትንሽ ሱቅ ቴፕና ሬዲዮ እየጠገኑ ልጆቻቸውን አሳደጉ።

ከ97ቱ ምርጫ በኋላ የአገር ቤቱ ዜና ልባቸውን አደከመው። ሶልያና «አባዬ፣ ውጣ እስቲ፣ ሬዲዮ ላይ ተደፍተህ ልትታመም ነው» ብትላቸው፣ የስኮትላንድን የድሮ ዘፈኖች እየቀዳ የሚያስቀምጥ የምሁራን ማኅበር ውስጥ በነፃ የሚያገለግል ቮለንቲየር ሆነው ገቡ። ባለቤታቸው «የሚቆርብ ሰው ከዘፈን ምን አለው?» ብለው ተቆጡ። አቶ መዝገቡም የነፍስ አባታቸውን አማክረው የመጠጡንና የዳንሱን ዘፈን ለሌሎች ትተው እሹሩሩና ሙሾ ብቻ ሊቀዱ ተስማሙ። የማኅበሩ ሰዎችም «የሐዘን ሚኒስትራችን» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በ2001 ዓ.ም. ከአንድ ፕሮፌሰር ጋር እዚያው ሎንዶን ባተርሲ ሰፈር ወዳለ የአረጋውያን ቤት ሄዱ። እዚያ የነበሩት ሚስስ ሞራግ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው የስኮትላንድ እናት ናቸው። አያታቸው ባሕር ለበላቸው ዓሣ አጥማጆች ያወረዱትን ሙሾ ከሳቸው በቀር የሚያውቅ ሰው አልቀረም፤ ሕመሙም ጠንቶባቸው ነበር። እሳቸው ካለፉ ሙሾውም አብሮ መቀበሩ ነው።

ሲቀዳ መተንፈስ እንኳ አይፈቀድም፤ የማኅበሩ ደንብ ነው። ሴትዮዋ ግን አንዱን ስንኝ እንደጨረሱ አቶ መዝገቡ ማይኩን እንደያዙ «ወይኔ! ወይኔ እናቴ!» ብለው ተቀበሉ። የሙሾ አውራጅ ልጅ ምን ያድርግ? ቋንቋው እንኳ አይገባቸውም ነበር። ፕሮፌሰሩ ደንግጠው ቴፑን ሲያጠፉ ሚስስ ሞራግ ተቆጡ። «ለምን አጠፋኸው? እኛም ሰፈር ሴቶቹ እንዲህ ይቀበሉ ነበር። የረሳሁት የመጣልኝ እሱ ሲቀበለኝ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲያ አቶ መዝገቡ ከሌሉ አላወርድም አሉ። ማኅበሩ ብዙ ተከራክሮ እሺ አለ። እሳቸው እያወረዱ አቶ መዝገቡ እየተቀበሉ እስከ መጨረሻው ተቀዳ። ሚስስ ሞራግ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ዐረፉ። ዘመድ ስላልነበራቸው ቀብራቸው ላይ እንደ ልጅ የቆሙት አቶ መዝገቡ ናቸው። አርባቸውንም አቶ መዝገቡ ቤት ተሰብስበን አወጣን፤ ወጡን የሠሩት ያው የተቆጡት ባለቤታቸው ናቸው።

አቶ መዝገቡ ቁጣ የማያውቁ፣ የታመመ የሚጠይቁ፣ ሰንበት የማያጓድሉ ሰው ነበሩ። በኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ግንቦት 14 ቀን 2010 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው፣ ቆርበው፣ ልጆቻቸውን መርቀው ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጃቸውን ሃናን ትተውልናል።

መድኃኔ ዓለም ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን፤ እናንተንም ከክፉ ይሰውራችሁ። ስማቸውን በጸሎት ስታነሱ ሚስስ ሞራግንም አብራችሁ አንሱልን፤ እስከ ዛሬ የሚያነሷቸው አቶ መዝገቡ ብቻ ነበሩ።